«ማሽኑ ራሱ ያውቃል» ላሉን ጸሐፊ፦ ራጅ ክፍል ውስጥ ፊዚሲስት ምን ይሠራል?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ ስልክ ለስልክ ሲዞር ሰነበተ። ፊዚሲስት፣ ማለትም የጨረሩን መጠንና የማሽኑን ልክ የሚለካና የሚፈትሽ የፊዚክስ ባለሙያ፣ ለራጅ ክፍል ምን ይረባል የሚል ነው። ጸሐፊው ዕድሜያቸውን በጤና ሥራ ያሳለፉ፣ የወሎን ሆስፒታሎች ጓዳ ጎድጓዳ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ራጅ የሚያነሳ ባለሙያ አለ፣ የሚያነብ ሐኪም አለ፣ ማሽን ሲበላሽ የሚጠግን ባዮሜዲካል አለ። የዛሬ ማሽን ጨረሩን ራሱ ይመጥናል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱም መጥቶ ያያል። ታዲያ ፊዚሲስት መቅጠር ቅንጦት ነው፤ በደመወዙ አልትራሳውንድ ይገዛበት። በመሃል ደግሞ ስለ ነፍሰ ጡሮች፣ ስለ እርሳስ አፕሮን (ጨረር ስለሚከላከለው የብረት እርሳስ ሽርጥ) እና ስለ ወተት የጣል ጣል ያደረጓቸው ምክሮች አሉ።

እንጀራዬ ይኸው ሥራ ነውና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጸሐፊውን አከብራቸዋለሁ። ከጻፉት ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩ ቀሪው ግማሽ ላይ ነው። እሳቸው «ብልሽት» ሲሉ የቆመ ማሽን ነው የሚታያቸው። እኛ ቀን ከሌት የምንፈልገው ግን ማሽኑን የማያቆመውን ብልሽት ነው። መብራቱ በርቷል፣ ራጁ ይነሳል፣ ሰልፉ ይሄዳል፣ ማንም አይጮህም። ግን አንድ ነገር ልክ አይደለም። ምላሼ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ «የዛሬ ማሽን ኮምፒውተር ነው፤ ጨረሩን ራሱ ይመጥናል» ያሉትን ልያዝ።

ይመጥናል፤ ልክ ናቸው። ከታካሚው ጀርባ ጨረሩን የሚቀበሉ መለኪያዎች ተቀምጠዋል። በቂ ጨረር ሲደርሳቸው «በቃ» ብለው ያቋርጡታል። ወፍራም ሰው ሲቆም ረዘም ይላል፣ ቀጭን ሲቆም ያጥራል። ግን «በቂ» የሚለውን ልክ ለማሽኑ የነገረው ማነው? ሰው ነው። ማሽኑ ሲተከል ያኔ ለነበረው ፊልም ተብሎ የተሞላ ልክ ነው። ፊልሙ ቀርቶ በዲጂታል ካሴት (ጨረሩን ተቀብሎ ምስሉን ለኮምፒውተር በሚሰጥ ሰሌዳ) ሲተካ ልኩም አብሮ መለወጥ አለበት። ካልተለወጠ ማሽኑ የድሮውን ትእዛዝ በታማኝነት ይፈጽማል። ራሱ ያውቃል ማለት ይህ ከሆነ፣ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው።

ዲጂታሉ ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ መጥቷል። በፊልም ዘመን ጨረር ከበዛ ፊልሙ ይጠቁራል፣ ካነሰ ይነጣል። ሐኪሙ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ይመልሰዋል። ስህተቱ ፊት ለፊት የሚታይ ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ ብርሃኑን አስተካክሎ ያቀርባል። ጨረር ያነሰበት ምስል አሸዋ የተበተነበት መስሎ ስለሚታይ ባለሙያው ይወቀሳል። ጨረር የበዛበት ግን እንዲያውም ጥርት ብሎ ያምራል፤ ማንም ቅር አይለውም። ታዲያ በየቀኑ የሚወቀስ ሰው ምን ያደርጋል? ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ተተኪውም ትንሽ ይጨምርበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለበጎ ነበር፤ እዚህ ግን በእግሩ የሚሄደው ጨረሩ ነው። ዓመት ሳይሞላ ያው የደረት ራጅ በእጥፍ ጨረር ሊነሳ ይችላል፤ ምስሉን በማየት ብቻ የሚነቃበት የለም። የሚነቃው በየምስሉ ሥር የምትጻፈውን የጨረር ጠቋሚ ቁጥር በየወሩ ሰብስቦ፣ ካለፈው ወር ጋር አስተያይቶ «ለምን ወጣ?» የሚል ሰው ሲኖር ነው።

ይህ በእኛ ሀገር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሎስ አንጀለስ ያለው ትልቁ የሴዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ያጋጠመው በሙያችን ሁሌ የሚነሳ ታሪክ ነው። ስትሮክ ለተጠረጠረባቸው ሰዎች የሚደረገው የአንጎል ሲቲ ስካን ቅንብሩ ተለውጦ ኖሮ፣ ከ200 በላይ ሕሙማን ከታሰበው ስምንት እጥፍ ገደማ ጨረር ተቀበሉ። ነገሩ የዘለቀው 18 ወር ነው። ማሽኑ አልቆመም፤ ምስሉም ተነበበ። የታወቀው አንድ ታካሚ ፀጉሬ ረገፈ ብሎ ሲናገር ነው። የጨረሩ መጠን እኮ በእያንዳንዱ ምርመራ እስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር። ቁጥሩን አይቶ የደነገጠ ሰው አልነበረም።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጸሐፊው ማሽኑ «ራሱን ያስተካክላል» ሲሉ አዲሱን ማሽን አስበው መሆን አለበት። የቆየ ጀነሬተር ያላቸው ራጆች የመስመሩ ኃይል ሲዋዥቅ አብረው ይዋዥቃሉ። የጨረሩን ጉልበት የሚወስነው ቮልቴጅ 70 ኪሎቮልት ተብሎ የተሞላው በተግባር 70 ላይሆን ይችላል። ይህንን የሚናገረው የማሽኑ ሰሌዳ አይደለም፤ ከጨረሩ ሥር የሚቀመጥ መለኪያ ነው። የወሎን መብራት ለማያውቅ ሰው ማብራራት ይኖርብኝ ይሆናል፤ እዚህ ለምናነብ ግን በቂ ነው።

ቀጥሎ «ባዮሜዲካል እያለ ፊዚሲስት ለምኔ?» ይላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባዮሜዲካሎች ባይኖሩ ወሎ ውስጥ ግማሹ ማሽን ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዞ ነበር። ከሌላ የሞተ ማሽን ዕቃ ነቅለው፣ ሽቦ አገናኝተው፣ ሌሊት ቁጭ ብለው የሚያስነሱትን አይቻለሁ። ክብር ለእነሱ። ግን ሥራው ሌላ ነው። ሰኞ ገበያ የተሰበረ ሚዛን የሚጠግን ሰው አለ፤ በተጠገነው ሚዛን ላይ አንድ ኪሎው ኪሎ መሆኑን የሚፈትሽ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሥራውን ጨረሰ የሚባለው ሚዛኑ ሲንቀሳቀስ ነው። የሁለተኛው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ባየሁት ላስረዳ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ለፍተሻ ሄጄ ነበር። የራጅ ክፍሏ ኃላፊ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ክፍሉ ንጹሕ፣ መዝገቡ የተሟላ። ራጅ ስትነሱ አይታችሁ ከሆነ ከላይ አንድ ብርሃን ይበራል፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ደረታችሁ ላይ ያርፋል። ባለሙያው ጨረሩ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው በዚያ ብርሃን ነው። ጨረሩ ራሱ አይታይምና ብርሃኑን ማመን ግድ ነው። እኔ የምፈትሸው ብርሃኑና ጨረሩ አንድ ቦታ ማረፋቸውን ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ሳንቲም ይበቃል። ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። ማሽኑን 100 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገን ብርሃኑን አበራን። በአራቱም ጠርዝ ላይ ሁለት ሁለት የብር ሳንቲም ደረደርን፤ አንዱ ከመስመሩ ውስጥ፣ አንዱ ከመስመሩ ውጪ፣ ጎን ለጎን ተነካክተው። ዘጠነኛዋን የትኛው ወገን የት እንደሆነ እንድትነግረን አንድ ጥግ ላይ ጣልናት። ከዚያ ወጥተን ተኮስነው።

ምስሉ ሲወጣ በአንድ በኩል ሁለቱም ሳንቲሞች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በተቃራኒው በኩል ሁለቱም የሉም። ጨረሩ ከብርሃኑ አራት ሴንቲሜትር ሸሽቷል። በ100 ሴንቲሜትር ርቀት የሚፈቀደው ሁለት ሴንቲሜትር ነው።

ልጅቷ ምስሉን ትክ ብላ አየችና «ለካስ ለዚህ ነው!» አለች። ምን ለማለት ነው? ለወራት የደረት ራጅ ሲነሳ በአንድ ወገን የሳንባው የታችኛው ጥግ ይቆረጥባት ነበር። ያ ጥግ ደግሞ ትንሽ ውሃ መቋጠር ሲጀምር መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ ነው። ሐኪሞቹ «ተቆርጧል፣ ድገሚው» እያሉ ይመልሱባታል። እሷም በብልሃቷ መፍትሔ አበጀች፤ ለመጠባበቂያ ብላ ብርሃኑን በሁሉም በኩል ሰፋ አድርጋ መክፈት ጀመረች። ጥጉ መቆረጡ ቀረ። በምትኩ ደረቱን ብቻ ሊነሳ የመጣ ሕፃን ከአንገቱ እስከ ሆዱ ጨረር ይጠጣል። በዚያ ላይ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ በሰፋ ቁጥር ከሰውነት ተበትኖ የሚመለሰው ይበዛል፤ ያ ምስሉን ጉም ያለብሰዋል። ስለዚህ ጨረሩም በዛ፣ ምስሉም ከፋ።

መነሻው ምን ነበር? የብርሃኑ አምፖል ተቃጥሎ ተቀይሯል። ሲቀየር ውስጥ ያለችው ትንሿ መስታወት ተነክታለች። አምፖሉ በራ፤ ማሽኑ ሠራ፤ ወረቀቱ ላይ «ተጠግኗል» ተባለ። ውሸት አይደለም፣ ተጠግኗል። የመስታወቷን ብሎን ለማስተካከል የፈጀብን ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ያስተካከለውም ያው የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል ነው። እኔ ያደረግሁት የት እንደሚፈልግ መንገር ብቻ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ሙያ ያጋጯቸው እንዲህ ያለውን ቀን ስላላዩ ይመስለኛል።

ይህ ነገር ለወሎ አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2014ቱ ጦርነት የደሴውን ትልቁን ሆስፒታል ጨምሮ የአካባቢው ጤና ተቋማት ዕቃቸው ተዘርፏል፣ ወድሟል። በቦታው የሚተካ ዕቃ በግዢም በእርዳታም ይመጣል፤ አንዳንዱ አዲስ፣ አንዳንዱ ያገለገለ። ማሽን ረጅም መንገድ በመኪና ተንገላትቶ፣ ተፈትቶ፣ እንደገና ተገጥሞ ሲቆም የመጀመሪያው ታካሚ ከመተኛቱ በፊት ከላይ እስከ ታች መፈተሽ አለበት። ኪሎቮልቱ ትክክል ነው? ከጨረሩ ደካማውን የሚያጠልለው አሉሚኒየም በቦታው አለ? ያ ደካማ ጨረር ምስል አይሠራም፤ ቆዳ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው። የሲቲ ስካኑ ውሃን ሲያይ ዜሮ፣ አየርን ሲያይ ከዜሮ በታች 1,000 ይላል? ውሃን ዜሮ የማይል ሲቲ ኩላሊት ላይ ያለ ውሃ ቋጠሮን ከዕጢ ለመለየት ሲፈልጉ ያሳስታል። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የለም።

«ሐኪሙ ካነበበው በቃ» ያሉትም አለ። ሐኪሙ የሚያነበው የመጣለትን ነው። ያልመጣለትን አያውቅም።

ምስል ከማሽኑ ወጥቶ ሐኪሙ ዓይን እስኪደርስ ብዙ ይጎድልበታል። እኛ ዘንድ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ፊልሙ መስኮት ላይ ይለጠፋል፣ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ በቴሌግራም ደሴ ላለው ሐኪም ይላካል። «ዶክተር፣ በሞቴ እስቲ ቶሎ ይዩልኝ።» ዶክተሩም ታክሲ ውስጥ ሆኖ ያያል። እግር ተሰብሮ ከሆነ ይታየዋል። በሳንባ ላይ ያለች ቀጭን ጥላ ግን ስልኩ ምስሉን ሲጨምቅ ትጠፋለች። ራጅ የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ሞኒተርም ቢሆን በዓመታት ይደክማል፤ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ከተቀመጠ ደግሞ ጨለማ ክፍሎቹን አያሳይም። ለዚህ የተሠራ መፈተኛ ምስል አለ፤ እርከን ያላቸው ግራጫ ካሬዎች ናቸው። ከጥቁሩ ጋር ሊመሳሰል ጥቂት የቀረው ካሬ ተለይቶ ካልታየ ሞኒተሩ ለምርመራ አይሆንም። ለመፈተሽ አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጋረጃ ማንጠልጠል ብቻውን ያስተካከለውን ሞኒተር አይቻለሁ። እንግዲህ ፊዚክሱ አንዳንዴ መጋረጃ ነው።

አሁን ጸሐፊው ራሳቸውን ወደተጻረሩበት ልምጣ። በአንድ አንቀጽ «የራጅ ጨረር ኢምንት ነው፤ ይህን ያህል ግርግር አያስፈልገውም» ይላሉ። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው ደግሞ ነፍሰ ጡር በራጅ ክፍል ደጃፍ አትለፍ፣ ታካሚ ሁሉ አፕሮን ይልበስ፣ የራጅ ሠራተኛ ወተት ይጠጣ ይላሉ። ኢምንት ከሆነ ወተቱ ለምን?

ቁጥሩን እናስቀምጠው። ሰው ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው፤ ሚሊሲቨርት ሰው የሚያገኘው ጨረር የሚለካበት ነው። ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ የሚኖረው ደሴዬ ዝቅ ብሎ ከሚኖረው ኮምቦልቻዬ ከጠፈር በኩል ትንሽ ይበልጣል፤ ለዚህ ብሎ ግን ደሴን የለቀቀ ሰው አልሰማሁም። አንድ የደረት ራጅ 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። የሦስት ቀን የተፈጥሮ ጨረር ማለት ነው። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 8 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። 400 የደረት ራጅ በአንድ ጊዜ እንደማለት ነው። ሁለቱን «ራጅ» ብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት አይቻልም። ሲቲው አይነሳ አላልኩም፤ ሆዱ ውስጥ እየደማ ላለ ሰው ሲቲ ሕይወት ነው። ለማያስፈልገው ሰው፣ ወይም ለአምስት ዓመት ልጅ በአዋቂ ልክ ከተነሳ ነው ችግሩ።

ነፍሰ ጡሮችን በተመለከተ የጻፉት ያሳሰበኝ ከሁሉ በላይ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳት ያመጣል። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል። ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥም፣ ልብስ ላይ አይጣበቅም፣ ጡት ውስጥ አይገባም። «ራጅ ተነስቼ ነው የመጣሁት» ብላ ልጇን ማጥባት የፈራች እናት ካለች ያለ ሐሳብ ታጥባ። ለነፍሰ ጡር የደረት ራጅ ቢነሳ ፅንሱ ጋ የሚደርሰው ከ0.01 ሚሊግሬይ (አካል የተቀበለው ጨረር መለኪያ ነው) አይበልጥም። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ደግሞ ፅንሱ ያገኘው ከ100 ሚሊግሬይ በታች ከሆነ ጨረሩ እርግዝናን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም ይላል። በሁለቱ መካከል አሥር ሺህ እጥፍ ልዩነት አለ። ቲቢ የተጠረጠረባትን ነፍሰ ጡር ደጃፍ አትለፊ ብሎ መመለስ ነው ለእሷም ለልጇም አደጋው። ሆዷ ላይ ሲቲ ከተነሳች በኋላ እርግዝናዋ የታወቀላት ሴት ስትመጣ ነገሩ ይለያል። ያኔ ፅንሱ ስንት እንዳገኘ አስልቶ ለሐኪሙ በወረቀት የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ጸሐፊው ሳይገምቱ አይቀሩም።

አፕሮኑ ላይም ዘመኑ ተለውጧል። የታካሚን ብልትና የነፍሰ ጡርን ሆድ በእርሳስ መሸፈን ለአሥርት ዓመታት ደንብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ይህ እንደ መደበኛ ልማድ ይቅር ብሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አብዛኛው ተበታኝ ጨረር ከሰውነቱ ውስጥ ስለሚመጣ የላዩ ሽፋን አያስቆመውም። ሽፋኑ ከቦታው ሸርተት ካለም መታየት ያለበትን አጥንት ይሸፍናል፤ ራጁ ይደገማል። ወይም አውቶማቲኩ መለኪያ ፊት ይገባና ማሽኑ «ገና አልበቃም» ብሎ ጨረር ይጨምራል። አፕሮን የሚያስፈልገው ክፍሉ ውስጥ አብሮ ለሚቆም ሠራተኛና ልጁን ይዞ ለሚቆም አባት ነው። የሠራተኛው አፕሮን ደግሞ ወንበር ላይ ታጥፎ ከከረመ ውስጡ ይሰነጠቃል። ከላይ ጨርቁ ደህና ነው፤ እርሳሱ ግን ተሰንጥቋል። የሚታወቀው አፕሮኑ ራሱ ራጅ ሲነሳ ነው። ግድግዳ ላይ ጠንካራ ማንጠልጠያ መትከል ከወተቱ ይልቅ ይጠቅማል። ወተት ጠጡ፤ ለአጥንት ጥሩ ነው። ጨረር ግን አያወጣም።

ጸሐፊው ታካሚውን ሲያስቡ የዘነጓቸው ሰዎች አሉ። አጥንት ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ክፍል ሲ-አርም (በኦፕራሲዮኑ መሃል ምስል የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ራጅ) ሥር ቆሞ የተሰበረ ጭን ሲገጥም በየጊዜው ፔዳሉን ይረግጣል። የእሱ ዓይንና እጅ ከታካሚው በላይ ነው በዓመት የሚያሳስበኝ። ለሠራተኛ የዓይን ሌንስ የሚመከረው ጣሪያ ድሮ 150 ሚሊሲቨርት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓመት በአማካይ ወደ 20 ወርዷል። ጨረሩ ከሚወጣበት ቱቦ ወገን ፈንታ በምስል መቀበያው በኩል መቆም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ብዙ ይቀንሳል፤ ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። ደረት ላይ የምትሰካዋ መለኪያ ባጅ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከዋለች የምትለካው መሳቢያውን ነው።

ጎረቤትም አለ። ከተሞቻችን ውስጥ ክሊኒክ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በኪራይ ቤት ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ መሃሉ ባዶ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሃያ ሴንቲሜትር ግንብ ይመስላል፤ ጨረሩ ግን ባዶውን አየር እንደ ግድግዳ አይቆጥረውም። በዚያ ግድግዳ ማዶ ሱቅ አለ፣ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥ ልጅ አለች። ለእሷ የሚፈቀደው በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። ደረት የሚነሳበት መቆሚያ በየትኛው ግድግዳ በኩል ይዙር፣ ብሎኬቱ በኮንክሪት ይሞላ ወይስ ሁለት ሚሊሜትር እርሳስ ይለበስ፣ በሩስ? ይህ ከኪራይ ውሉ በፊት የሚሰላ ነገር ነው። ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ከሆነ ወጪው እጥፍ ድርብ ነው። አንዳንዴ መፍትሔው ማሽኑን ማዞር ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ጨረሩ ሰው ወደማይቀመጥበት ጓሮ ይዞራል።

«ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያያል» ለሚለው ብዙ አልልም። የጨረራና ኒዩክለር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ፤ ፈቃድም ፍተሻም አለ። ተቆጣጣሪ ግን አንድ ቀን መጥቶ ይሄዳል። አምፖሉ የሚቃጠለው እሱ በሄደ በሳምንቱ ነው።

የቀረው ገንዘቡ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ጠንካራ ጥያቄ ጠይቀዋል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ ርካሽ ነው፣ ለእናቶች ይጠቅማል፤ የገጠር ሆስፒታል ፊዚሲስት ከሚቀጥር አልትራሳውንድ ይግዛ ይላሉ። ለእያንዳንዱ ሆስፒታል አንድ ፊዚሲስት ይቀጠር የሚል ሰው ካለ እኔም አብሬ እቃወመዋለሁ። ሀገራችን ውስጥ ያለነው ጥቂት ነን፤ ከጥቂቶቹም ብዙው የካንሰር ጨረር ሕክምናው ጋ ነው የሚሠራው፤ እዚያ ደግሞ ያለ ፊዚሲስት አንድ ቀን መዋል አይቻልም። ራጅ ክፍል የሚያስፈልገው ግን የሚመላለስ ሰው ነው።

መንገዱን አስቡት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎሜትር ገደማ፣ ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30፣ ከዚያ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልዲያ፤ ደሴ ወልዲያ በጠቅላላው 120 ነው። በአንድ አስፋልት ላይ የተደረደሩ ሆስፒታሎች ናቸው። መቀመጫውን ደሴ ያደረገ አንድ ፊዚሲስት መለኪያ መሣሪያውን በአንድ ሻንጣ ይዞ እነዚህን ሁሉ በየተራ ማዳረስ ይችላል። መሣሪያውም አንድ ይበቃል፤ የሚወደደው መሣሪያው ነውና ተጋርተው ይግዙት። ወደ ምዕራብ፣ ወደ አቀስታና ወደ መቅደላ የሚወስደው መንገድ ይከብዳል፤ እዚያ ጉዞው ይራራቅ፣ በመሃል ያለው ሥራ በስልክ ይሁን።

የየቀኑን ሥራ ደግሞ ራጅ የሚያነሱት ባለሙያዎች፣ ራዲዮግራፈሮቹ፣ ራሳቸው ይይዙታል። የሳንቲሙ ፈተና፣ የሲቲው የጠዋት የውሃ ፍተሻ፣ የአፕሮኑ ምርመራ የእነሱ ነው። ከሁሉ በላይ የተጣሉ ምስሎች መዝገብ፦ ስንት ተነሳ፣ ስንት ተደገመ፣ ለምን ተደገመ። ከመቶ ስምንት አሥር ከተደገመ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ተንቀሳቅሶ ነው? ተቆርጦ ነው? ጨረር አንሶት ነው? መዝገቡ ራሱ ይናገራል። የሚደገም ራጅ ሁሉ የታካሚ ጨረር ብቻ አይደለም፤ ቱቦው ያረጃል፣ ፊልሙ ያልቃል፣ ከመቄት ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ ሰው ለዛሬ የያዘው አልጋ ለነገም ይሆናል። ቱቦ ውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። ጸሐፊው የፊዚሲስቱን ደመወዝ ሲያሰሉ ይህን ከሌላኛው ወገን አላስገቡትም።

ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴ ላይ ሕክምናም ፊዚክስም ያስተምራል። ፊዚክስ ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆች ስንት እንደሆኑ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ከእነሱ መካከል ሁለት ሦስቱን ለድኅረ ምረቃ ልኮ በሕክምና ፊዚክስ ማሠልጠን የማይቻል ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ግን ነገ ጠዋት ሊደረግ የሚችል፣ ሳንቲም የማያስወጣ አንድ ነገር አለ። ማንኛውም ሆስፒታል ወይም የግል ክሊኒክ ራጅ ወይም ሲቲ ሲገዛ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ያስገባ፦ ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ከሻጩ ወገን ባልሆነ ባለሙያ ተለክቶ፣ ውጤቱ በጽሑፍ ቀርቦ፣ ያላለፈው ተስተካክሎ እንደገና ተለክቶ እስኪያልፍ ድረስ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም። በእርዳታ የሚመጣም ከሆነ ርክክቡ ላይ ከመፈረም በፊት ይለካ። ሻጮች ይህን አንቀጽ ሲያዩ ፊታቸው ይቀየራል፤ ፈርመው ግን ይሸጣሉ።